ከአምስት ዓመት በላይ

ሆባርት ስቲድሃም በወረዳው ማቆያ ጀልባ ላይ መተኛት ከጀመረ አሥራ ሰባት ወር ሞላው። ጀልባ የሚሏት ወለል ላይ የምትዘረጋ፣ ጠርዟ ከፍ ያለ የፕላስቲክ መኝታ ናት። ክፍሉ ለሃያ አራት ሰው ተሠርቶ ሠላሳ አንድ ሰው ስለሚያድርበት፣ አልጋ ያልደረሰው ጀልባውን እየጎተተ መጸዳጃው አጠገብ ይሰለፋል። ሆባርት ሁለት ጊዜ አልጋ ደርሶት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወገቡን ለሚያመው ሰው ለቀቀ። ደግነት አይምሰላችሁ። ታክቶት ነው። ለታከተው ሰው አልጋም ወለልም ያው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ሰውየው ገና አልተፈረደበትም። ሆባርት እስከሚያውቀው፣ የተፈረደበት ክፍለ ግዛቱ ወደሚያስተዳድረው ወህኒ ይወርዳል። በወረዳው ማቆያ የሚቀመጠው ቀጠሮውን የሚጠብቅ፣ በሕጉ አነጋገር ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። የንጹሕ ሰው ኑሮ ይኸውላችሁ፦ መስኮቱ በነጭ ቀለም ተለቅልቋል፤ መብራቱ ሌት ተቀን አይጠፋም፤ አየር መቀበያ የሚባለው፣ ጣሪያው ሽቦ የሆነ ጠባብ ግቢ ለጥገና ተብሎ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። ሥራ የለም፣ ትምህርት የለም። የሚነበብ ከተፈለገ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ መጨረሻቸው የተገነጠለ ሦስት የከብት ነጂዎች ልብ ወለዶችም አሉ። የማቆያውን ኃላፊ ሕዝቡ በድምፁ ነው የሚመርጠው። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስሙ የታተመበት የዝንብ መግደያ ለየቤቱ ያድላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም።

ለቀጠሮ ከወህኒ ተመልሰው የሚመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሆባርት ጆሮውን ይጥላል። ወሬያቸው ከሠርግ የተመለሰ ሰው ወሬ ነው። ሜዳ አለ፣ ሣር ያለው ሜዳ። የእንጨት ሥራ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ይመጣል፤ አንድ ጠረጴዛ ከበው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጫወታሉ።

«እጅ?» አለ ሆባርት ይህን መጀመሪያ የሰማ ቀን።

«እጅ ነዋ! ምን መስሎህ ነው፣ ቀንድ?» አለው አርቪል ታኬት።

ታኬት የዕድሜውን እኩሌታ በማቆያና በወህኒ መሃል ሲመላለስ የፈጀ የስልሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው። አንድም ጥርስ የለውም፤ ነገር ግን የማያውቀው ደንብ የለም። ወጣቶቹ «አያ ታኬት» እያሉ ጠበቃቸውን ከማናገራቸው በፊት እሱን ያማክራሉ።

የሆባርት ክስ ረጅም አይደለም። የአጎቱ ልጅ ዴንዚል አንድ ቀን ተጎታች ጋሪ ይዞ መጣና «ሁለት ሳምንት ጎተራህ ውስጥ ይቀመጥልኝ» አለው። ሆባርት ሸራውን ገልጦ አላየም። ዘመድ ያስቀመጠውን ዕቃ ገልጦ ማየት እነሱ ዘንድ ነውር ነው። ከሸራው ሥር የነበረው ከተዘጋ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የተቆረጠ የመዳብ ገመድ ነበር። ፖሊስ ሆባርትን በወሰደ በወሩ ዴንዚል የሚውጠው ክኒን በዛበትና ሞተ። ምስክሩም ሌባውም አብረው ተቀበሩ። ሆባርት ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመቱ የሰው መኪና ነድቶ የተፈረደበት የቆየ መዝገብ ስላለው፣ የዋስ ገንዘቡን ዘመዶቹ የሚችሉት አልሆነም።

እናቱ ኦርሊና ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ሰውን የምታውቀው በመዳፏ ነው። ጎረቤት ሲመጣ ግንባሩንና ጉንጩን ትዳስሳለች፤ «ከሳህሳ» ትላለች፣ «ምን አስለቀሰሽ?» ትላለች፤ አትሳሳትም። ያልዳሰሰችው ሰው ለእሷ ወሬ ነው።

ማቆያው ደግሞ ጥየቃን የሚፈቅደው በስክሪን ብቻ ነው። እህቱ ዊላዲን ስልኳን በእናታቸው ፊት ትይዛለች። አያያዙን ስለማትችልበት ሆባርት አሥራ ሰባት ወር ሙሉ ያየው የእናቱን ግራ ጆሮና የማጀቱን ጣሪያ ነው።

«ማነው?» ትላለች እናቱ።

«እኔ ነኝ እማ።»

«ዊላዲን፣ ይሄ ሰውዬ ሆባርት ነኝ ይላል። ጣሳ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።»

«ሆባርት ነው እማ፣ እያየሁት ነው።»

«አንቺማ የታየሽን ሁሉ ታምኛለሽ።»

ይህን ብላ ትስቃለች። ከሳቋ በኋላ ግን ዝም ትላለች፤ የዝምታዋ ርዝመት ከወር ወር እየጨመረ መጣ። በመጨረሻዎቹ ጥየቃዎች ላይ ስልኩን በጣቷ ትነካካው ጀመር። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።

በየካቲት ዊላዲን ብቻዋን ስክሪኑ ላይ ቀረበች። ልብሷን አልቀየረችም፤ ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነበር።

«ልቧ ነው ሆብ። ሐኪሙ ከመስከረም አታልፍም ብሏል።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ቀድማ የነገረችኝ እሷ ናት። ልብሴን አዘጋጂ አለችኝ።»

የሆባርት ችሎት ለአራተኛ ጊዜ ተዛውሮ ለጥቅምት ተቀጥሮ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ጎን ለጎን ናቸው፤ ለሆባርት ግን በሁለቱ መሃል ገደል ነበር። በዚያ ሳምንት ራት አልበላም። በሦስተኛው ቀን ታኬት ጀልባውን ጎትቶ አጠገቡ አስጠጋና «ተናገረው እስቲ» አለው። ሆባርት ተናገረው።

ታኬት ድዱን እያሸ አሰበ። «ዓቃቤ ሕጉ ስምንት ዓመት አቅርቦልህ አልነበረም? ጥፋተኛ ነኝ ካልክ?»

«አቅርቦ ነበር።»

«እንግዲያው ወህኒ ትወርዳለህ። ወህኒ ከወረድክ የእናትህን እጅ ትይዛለህ። ግን ስማኝ ልጄ፣ ለጠበቃህ አልሰረቅሁም፣ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ግን ልማል እንዳትላት። በውሸት ስትምል እያወቀች አጠገብህ መቆም አትችልም፤ እጇን ታስረዋለህ። ሆድ ይፍጀው።»

ጠበቃው ወይዘሪት ብራንሃም መንግሥት ያቆመለት ናት። መቶ ሃያ መዝገብ ተሸክማ ከወረዳ ወረዳ የምትነዳ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ወጣት ሴት ናት። ሆባርት ጥፋተኛ ነኝ ልል ነው ሲላት ብዕሯን አስቀመጠች።

«አቶ ስቲድሃም፣ ማስረጃቸው ደካማ ነው። ጥቅምትን ይጠብቁ። ነፃ ሊወጡ ይችላሉ እኮ!»

«ጥቅምት ሩቅ ነው ወይዘሪት።»

«አላደረግሁትም ግን ቅጣቱን እቀበላለሁ የሚባል መንገድ ነበረ፤ የእኛ ዳኛ ግን እሱን አይቀበሉም። በአፍዎ አድርጌዋለሁ ማለት ይኖርብዎታል።»

«እላለሁ።»

አየችውና ብዕሯን አነሣች። «እንግዲያው ዓቃቤ ሕጉን ላናግር» ብላ ሄደች። በሳምንቱ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ሆባርት ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። «አራት ዓመት! ከስምንት ወደ አራት አወረድሁልዎት!» ሆባርትም አመሰገናት፣ እጇን ጨበጠ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ክፍሉ ገብቶ ለታኬት «አራት ሆነልኝ» ሲለው ሽማግሌው ኑድሉን የሚበላበትን ማንኪያ አየር ላይ አቆመ።

«አራት? አንተ ሰው አብደሃል?»

«ምነው?»

«ከአምስት ዓመት በታች የተፈረደበት ወህኒ አይወርድም። ወህኒው ሞልቷል። ፍርዱን የሚጨርሰው እዚሁ ነው፤ በዚሁ ክፍል፣ በዚችው ጀልባ። ያ ጥጉ ላይ የተኛው ልጅ ተፈርዶበት ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሣር አይቷል?»

ሆባርት ጥጉ ላይ የተኛውን ልጅ ዞሮ አየው። አሥራ ሰባት ወር አብሮት አድሯል፤ ግን እሱም እንደራሱ ቀጠሮ ጠባቂ መስሎት ኖሯል። ማን ይለየዋል? የተፈረደበትም ያልተፈረደበትም አንድ ዓይነት ብርቱካን ልብስ ነው የሚለብሰው።

«የአመክሮ ቦርዱ ቀድሞ ይለቀኝ ይሆናል» አለ ሆባርት፣ ድምፁ ሰልሎ።

«የድሮ መዝገብ ያለበትን ሰው ቦርዱ በመጀመሪያው ዙር አይለቅም። እኔን እየኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው የገባኸው ልጄ።»

ወይዘሪት ብራንሃም በማግስቱ ስትጠራ የመጣችው ተበሳጭታ ነበር፤ ሌላ ወረዳ ችሎት ነበረባት። ሆባርት ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ቁጭ አለ።

«ስድስት ያድርጉልኝ» አላት።

«ምን ስድስት?»

«ዓመት። አራቱን ስድስት ያድርጉልኝ።»

«ሰው ያስፈራራዎት አለ? እዚያ ውስጥ?»

«የለም። ወህኒ መውረድ ነው የምፈልገው። አራት የተፈረደበት እዚህ ይቀራል አሉኝ።»

«ይቀራል። እኔ ... ረጅሙን የሚመርጥ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? ለምን?»

«እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ከመስከረም አታልፍም። እዚህ መስታወት ነው የምትነካው።»

ወይዘሪት ብራንሃም ወረቀቷን ገለጠች፤ የምታነበው ነገር ግን አልነበረም። ሆባርት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ አውቆ ነበር። ገመዱን ሰርቀዋል ወይስ አልሰረቁም ብላ ብትጠይቀው ሊዋሻት አልፈለገም። እሷም ሳታውቀው የቀረች አይመስለኝም። ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ስድስት» አለች፣ «እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ አላውቅም» አለች፣ ተነሥታም ወጣች።

በመጋቢት አጋማሽ ችሎት ፊት ቀረበ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አሥራ ሰባት መዝገብ ተራውን ይጠብቃል። ሆባርት በሰንሰለት የታሰረ ቀኝ እጁን የቻለውን ያህል ከፍ አድርጎ፣ እግዚአብሔር ይርዳኝ ብሎ ማለ። ዳኛው ምን እንዳደረገ ጠየቁት።

«ገመዱ የተሰረቀ መሆኑን እያወቅሁ ጎተራዬ ውስጥ ደበቅሁ» አለ። በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ወረቀት አራት ይላል። ይሄኛው ስድስት። የትኛው ነው የተሳሳተው?»

«ተከሳሹ ነው ስድስት የጠየቀው፣ ክቡር ዳኛ» አለ ዓቃቤ ሕጉ፤ ሳቁን ለመደበቅ አልደከመም።

«ምክንያት አለዎት አቶ ስቲድሃም?»

«አለኝ ክቡር ዳኛ። ወህኒውን እፈልገዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ሌላ ሊጠይቁት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሰልፉን አዩና ፈረሙ።

ሆባርት ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። የወረዳው ሳምንታዊ ጋዜጣ በሦስተኛው ገጹ የፍርድ ቤት ውሎ ያትማል፤ ከሞት ማስታወቂያ ቀጥሎ ሰው አጥብቆ የሚያነበው እሱን ነው። «ሆባርት ስቲድሃም፣ ጥፋተኛ ነኝ በማለቱ፣ ስድስት ዓመት» ተብሎ ወጣ። ኦርሊና ደግሞ አሥራ ሰባት ወር ሙሉ በየእሑዱ ከመቀመጫዋ እየተነሣች በምእመኑ ፊት «ልጄ ንጹሕ ነው፤ ጸልዩለት» ስትል የኖረች ሴት ናት።

«ጋዜጣውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ» አለችው ዊላዲን በስልክ።

«ምን አለች?»

«ምንም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች።»

ሆባርት አፉን ከፈተ። በየሁለት ደቂቃው የሚመጣው የማሽኑ ድምፅ «ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው» አለ። በውሸት ምያለሁ ብሎ ቢናገር ፍርዱም ይፈርሳል፣ ወህኒውም ይቀራል፣ ሌላ ክስ ይከተላል። «ስንገናኝ እነግርሻለሁ ይልሻል በያት» አለ። ወዲያው ደግሞ ምን ብሎ እንደሚነግራት አሰበ። በአንቺ ምክንያት ስድስት ዓመት ገባሁ ሊላት ነው? ሞቷን ለምትጠብቅ ሴት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም እንደማይነግራት ወሰነ።

በወህኒው አልጋ እስኪለቀቅ አሥር ሳምንት እዚያው ጀልባው ላይ ቆየ። ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ እስረኛ ተመርምሮ ወደሚመደብበት መቀበያ ወሰዱት፤ ደሙን መረመሩ፣ ጥርሱን ቆጠሩ፣ ፈተና ፈተኑት። እዚያም ጥየቃ የለም። ስድስት ሳምንት ሆነው። ወህኒው በደረሰ በመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ እስከ ማታ ፊቱ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ። ገነት አልነበረም። ሙቀቱ ያፍናል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰው ይደባደባል፣ በቀን አምስት ጊዜ እንደ ከብት ይቆጠራሉ። ግን ነፋስ ነበር። የጠያቂዎች ፈቃድ ወረቀት ሲመላለስ ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሆባርት በየማለዳው እየተነሣ መስከረም ስንት ቀን እንደቀረው ይቆጥራል።

በነሐሴ ሁለተኛው ቅዳሜ ስሙ ተጠራ።

ዊላዲን ሦስት ሰዓት ነድታ ነው ያመጣቻት። ኦርሊና ግማሽ ሆናለች። በበሩ ላይ ከርቀት ሲያያት የማያውቃት አሮጊት መስላው ነበር። ጠባቂው ወፍራም፣ ሰላማዊ ሰው ነው፤ «ማቀፍ ሲገናኙ አንድ ጊዜ፣ ሲለያዩ አንድ ጊዜ፤ መሃሉን እጅ ብቻ» ብሎ ደንቡን ነገራቸውና ፊቱን አዞረ።

እናቱ ተጠጋችው። ሁለት እጆቿን አነሣች። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረውን አፍንጫውን፣ የላላውን ጉንጩን ዳሰሰች። ጣቶቿ ቀዝቃዛና ቀላል ነበሩ። «ሆባርት ነህ» አለች።

ሆባርት አለቀሰ። ስድስቱ ዓመት በዚያች ደቂቃ ርካሽ መሰለው።

ተቀመጡ። እጆቿን በእጆቹ ውስጥ ይዟል፤ ዊላዲን አጠገቧ ናት።

«አሁን ንገረኝ» አለች ኦርሊና። «ምለሃል?»

«ምያለሁ።»

«እግዚአብሔርን ጠርተህ?»

«ጠርቼ።»

«እንግዲህ ሰርቀሃል ማለት ነው።»

ለዚህ ጥያቄ አምስት ወር ተዘጋጅቶበታል። «አዎ እማ» አለ።

እጆቿን ሳበች፤ አልጣደፈችም። ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን በአንዱ ሸፈነችው። ዊላዲን «ለስላሳ ላምጣ» ብላ ተነሣች፤ መሸጫ ማሽኑ ጋ ደርሳ ምንም ሳትገዛ ቆመች።

«በየእሑዱ ቆሜ መሰከርሁልህ» አለች እናቱ። «ስለማላይ ነው? የሰዎቹን ፊት አላይም ብለህ ነው የተውከኝ?»

«ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ወዲያ የነበረውን አርባ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ ሆባርት አያውቀውም። መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርጎ ተወ፤ የሚይዛቸው አልመጣም። ዊላዲን ተመልሳ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ጣሪያው አወራች። በየጠረጴዛው ሰው ተያይዞ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እሱ ግን ያን ያህል መንገድ መጥቶ እንደገና መስታወቱ ፊት የተቀመጠ መሰለው።

«ሰዓት!» አለ ጠባቂው። «መሰናበት የምትችሉ ተሰናበቱ።»

ሆባርት ተነሣ። ኦርሊናም የዊላዲንን ክንድ ይዛ ተነሣች፤ ፊቷን ግን ወደ በሩ አዞረች። «ውሰጂኝ» አለች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሁለተኛ እርምጃ ሄደች። ሌላ ቅዳሜ እንደማይኖር ሁሉም ያውቃል። ሆባርት ለራሱ የገባው ቃል እዚያ ላይ አለቀ።

«እማ፣ አልሰረቅሁም።»

ቆመች።

«አልሰረቅሁም። ሸራውን ገልጬ እንኳ አላየሁትም። ማቆያው ውስጥ ሆኜ ብትሞቺ እጅሽን አላገኘውም ነበር። ጥቅምትን ብጠብቅ አትደርሺልኝም። ለዚህ ነው የማልሁት።»

«ስድስት ዓመት?»

«አራት ሰጥተውኝ ነበር። አራት የተፈረደበት ማቆያው ይቀራል፤ ስድስቱን ለምኜ ነው ያገኘሁት።»

ኦርሊና ዞረች። እጇ አየሩን እየፈለገ መጥቶ ደረቱን አገኘ፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ፊቱን። አሁን አልዳሰሰችውም፤ በሁለት መዳፏ ያዘችው፣ ጠንክራ፣ እስኪያመው።

«ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሌባ ልጅ ይዤ መሞት እችል ነበር።»

ጠባቂው ሁለተኛ ተጣራ። አልለቀቀችውም።